መልካ ቁንጡሬን ለመጎብኘት ላሰባችሁ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ዓለም ገና ነው። ከቤቴ ወጥቼ የቡታጅራን መንገድ ከያዝኩ፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መልካ ቁንጡሬ እደርሳለሁ። ከእህቴ ልጆች ጋር ሄጃለሁ። ከጎረቤት ጋር ሄጃለሁ። ከእናቴም ጋር ሄጃለሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ለመሄድ ሲያስብ ይደውልልኛል። ጥያቄው ደግሞ ሁሌም ይመሳሰላል። ስለዚህ መልሶቹን አንድ ቦታ ልጻፋቸው ብዬ ነው። አስጎብኚ አይደለሁም፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያም አይደለሁም። ቦታውን ግን በጣም እወደዋለሁ።

መልካ ቁንጡሬ ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኝ የጥንት ሰዎች መኖሪያ ነው። ጥንት ስል የአክሱምን ዘመን ማለቴ አይደለም። ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ነው የምንሄደው። በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች እዚህ ወንዝ ዳር ድንጋይ ጠርበዋል፣ ሥጋ ቆራርጠዋል፣ ልጅ አሳድገዋል። ጎርፍና የእሳተ ገሞራ አመድ ጥለውት የሄዱትን ዕቃ ሸፈነው። ወንዙ ደግሞ በኋላ መሬቱን እየሸረሸረ አወጣው።

«መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ሥሙ ራሱ ቦታውን ይናገራል። ሰውና ከብት ዛሬም አዋሽን የሚሻገሩት በዚያው አካባቢ ነው።

ለሳይንስ ዓለም የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ጌሪት ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነበር መጀመሪያ ድንጋዮቹን ልብ ያላቸው። ከዚያ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ከ1965 ጀምሮ ቁፋሮውን መራ። በመሀል ቢቋረጥም እስከ 1995 ድረስ ዘልቆበታል። አንድ ሰው ዕድሜውን አንድ ወንዝ ዳር ጨረሰ ማለት ይቻላል። ከእሱ በኋላ ሥራውን የጣሊያን ተመራማሪዎች ተረከቡት፤ መጀመሪያ ማርቼሎ ፒፔርኖ፣ ቀጥሎ ማርጌሪታ ሙሲ።

ሙዚየሙ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው? ትልቅ ሕንፃ ነው?

አይደለም። ይህን ጥያቄ ግን በደንብ እረዳዋለሁ። ሙዚየም ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ስድስት ኪሎ ነው፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ። ወይም እንጦጦ ላይ ያለው የአፄ ምኒልክ ግቢ። አንዳንዱም የጎንደርን የፋሲል ግንብ እያሰበ ይመጣል። መልካ ቁንጡሬ ደርሶ ክብ ክብ ጎጆ ቤቶች ሲያይ «ይኸው ነው እንዴ?» ይላል።

አዎ፣ ይኸው ነው። አራት ክብ ቤቶች ናቸው። አንዱ ስለ እሳተ ገሞራውና ስለ አካባቢው አፈጣጠር ይናገራል። አንዱ ስለ ሰው ዘር ቅሪተ አካል ነው። አንዱ የአፍሪካን የጥንት ታሪክ በጠቅላላው ያሳያል። አንዱ እዚያው የተገኙትን መሣሪያዎች ይዟል። ቤቶቹን ለማየት ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

እኔ የምለው ግን ይሄ ነው። ዋናው ሙዚየም ቤቶቹ አይደሉም። መሬቱ ነው። ቤቶቹን አይታችሁ ብቻ ከተመለሳችሁ መግቢያውን አይታችሁ እንደተመለሳችሁ ቁጠሩት። ከቤቶቹ ወጥታችሁ ወደ ቁፋሮው ቦታ መሄድ አለባችሁ።

እንዴት እሄዳለሁ?

በራሳችሁ መኪና ከሆነ በአየር ጤና ወይም በጀሞ በኩል ወጥታችሁ ዓለም ገና ድረስ ኑ። አካባቢው አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ ነው። ዓለም ገና ላይ የጅማው መንገድ ወደ ሰበታ ቀጥ ይላል፤ እናንተ ወደ ግራ የቡታጅራውን ትይዛላችሁ። ከዚያ በኋላ መሳሳት አይቻልም። አዋሽ ድልድይ አካባቢ መልካ አዋሽ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የሙዚየሙ መግቢያ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ይላል።

በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ ወደ ቡታጅራ የሚሄድ መኪና ያዙ። ለረዳቱ አስቀድማችሁ «መልካ አዋሽ ወራጅ አለ» በሉት። አለዚያ ወሬ ይዛችሁ ቡኢ ትደርሳላችሁ። በመመለሻው ላይ ግን አትመሹ። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱት መኪኖች ከቡታጅራ ሞልተው ነው የሚመጡት፤ ቦታ እስኪገኝ መንገድ ዳር ትቆማላችሁ። እኔ 9 ሰዓት ላይ ከግቢው እወጣለሁ።

ከከተማ መውጫው ላይ ያለው መጨናነቅ ነው ጊዜ የሚበላው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት የወጣ ሰው ይስቃል። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ በዚያ መስመር የሚሠራ ሾፌር ወይም እዚያ ያለ ዘመድ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ሁሌም የማደርገው ነው።

እዚያ ደርሼ ምን አያለሁ?

ጎምቦሬ፣ ጋርባ፣ ሲምቢሮ የሚሉ ሥሞች ትሰማላችሁ። ሁሉም የቁፋሮ ቦታዎች ናቸው፤ በወንዙ ግራና ቀኝ ተበታትነው ነው ያሉት። ለጎብኚ የተዘጋጀው ጎምቦሬ ሁለት የሚባለው ነው። ከላዩ ጣሪያ ተሠርቶለታል። ከሥሩ የተቆፈረው መሬት እንደተገኘ ተትቷል። ድንጋዩም የእንስሳት አጥንቱም አልተነሳም። ከ800,000 ዓመት በፊት የወደቀበት ቦታ ላይ ነው ያለው።

መጀመሪያ ስታዩት ዝም ብሎ የጠጠር ክምር ይመስላል። አትቸኩሉ። አስጎብኚው አንዱን ድንጋይ በጣቱ ሲያሳያችሁ፣ ጠርዙ በሁለት በኩል ተመትቶ እንደተሳለ ታያላችሁ። ከዚያ በኋላ ዓይናችሁ ይከፈታል። ያኛውም የተጠረበ ነው። ያኛውም። ያ ረጅሙ አጥንት ነው። አምስት ደቂቃ ካልቆማችሁ ይህ አይታያችሁም። ሁለት ደቂቃ አይተው ፎቶ አንስተው የሚሄዱ ሰዎች ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

ባልጩት ባልጩት ይባላል። ለምንድን ነው ይህን ያህል የሚወራለት?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ከሁሉ የምወደው ርዕስ ነው።

ባልጩት ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ነው። ስለቱን ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። በመሠረቱ ድንጋይ ከምንለው ይልቅ ብርጭቆ ብንለው ይቀርባል። ከእሳተ ገሞራ የወጣ የቀለጠ ድንጋይ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ፣ ውስጡ እንደ ሌላው ድንጋይ እህል እህል የሚል ነገር ሳይፈጠር ይረጋል። ስለዚህ ሲሰበር ልክ እንደ ጠርሙስ ነው የሚሰበረው። ስብራቱ የዛጎል ዓይነት ክብ ክብ ሞገድ ይሠራል። ጠርዙ ከብረት ምላጭ ይብሳል።

ከመልካ ቁንጡሬ በስተሰሜን 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባልጪት የሚባል መንደር አለ። ሥሙን ያገኘው ከዚሁ ድንጋይ ነው። ባልጩቱ እዚያ የፈሰሰው ከ4 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። በመንደሩ መሬት ላይ ስባሪው ተነጥፎ ታዩታላችሁ። ጅረቶች ደግሞ አንከባለው ወደ አዋሽ ያወርዱት ነበር። የጥንት ሰዎች ያነሱት ከዚያ ነው። በዓለም ላይ ሰው ባልጩትን ከሁሉ አስቀድሞ ከተጠቀመባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

አሁን ሲምቢሮን አስቡ። ሲምቢሮ ሦስት በሚባለው ቦታ የ1.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ንጣፍ ውስጥ 578 የእጅ መጥረቢያዎች ተገኙ፤ እጀታ የሌላቸው፣ በእጅ የሚያዙ የተጠረቡ ድንጋዮች ማለት ነው። ከ578ቱ 575ቱ የባልጩት ናቸው። ግኝቱ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ተመራማሪዎቹ ቦታውን የመሣሪያ መሥሪያ ብለውታል፤ እኛ በአማርኛ ወርክሾፕ እንደምንለው።

ለምን ይገርማል? ባልጩት መጥረብ አስቸጋሪ ነው። ትንሽ ከተሳሳታችሁ ድንጋዩ ለሁለት ይሄዳል። ጣትም ይቆርጣል። እነዚያ ሰዎች ግን መጥረቢያዎቹን ተመሳሳይ ቅርጽ እያስያዙ፣ በጥንቃቄ፣ በብዛት ሠርተዋቸዋል። ዝም ብሎ ያገኙትን ድንጋይ ማንሳት አይደለም። መምረጥ ነው፣ ማቀድ ነው፣ ምናልባትም አንዱ ሌላውን ማስተማር ነው። ሙያ የምንለው ነገር ማለት ነው።

በሀገራችን ደቡብ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች በድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ በእኛ ዘመን ታይተዋል፣ ተመዝግበዋልም። በዚህ ሙያ ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚገባቸውን ክብር ሳያገኙ ኖረዋል። እኔ ሲምቢሮን ካወቅኩ ወዲህ እነሱን የማይበት ዓይን ተቀይሯል።

ድንቅነሽ እዚያ ናት?

አይደለችም። ድንቅነሽ የተገኘችው አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974። ቤቷ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስለሆነ ከመልካ ቁንጡሬዎቹ በጣም ትቀድማለች።

አንድ የሚያገናኛቸው ነገር ግን አለ፤ አዋሽ። ወንዙ ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሳል። በመልካ ቁንጡሬ ያልፋል። ቆቃ ይገባል። ከዚያ ወደ አፋር ይወርዳል፣ ባሕር ሳይደርስም አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የአንድ ወንዝ ላይኛውና ታችኛው ዳር ናቸው።

መልካ ቁንጡሬ ሙዚየም ውስጥ የምታዩት የሰው ቅሪተ አካል ደግሞ ቅጂ ነው። ዋናው በአዲስ አበባ ይጠበቃል። ይህ ቅር አያሰኛችሁ። አምስት ኪሎም ሄዳችሁ የምታዩት የድንቅነሽ አጥንት ቅጂው ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ ብርሃንና ሰው ፊት አይቀመጥም።

2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን በምን አወቁ?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሁለት ነገር ያዙ።

አንደኛ፣ አፈሩ የተነጠፈው ተራ በተራ ነው። ሞሶብ ውስጥ እንጀራ ተደራርቦ ሲቀመጥ ከታች ያለው ቀድሞ የተጋገረው እንደሆነ ሁሉ፣ ከታች ያለው ንጣፍ የቀደመው ነው። በንጣፎቹ መሀል የእሳተ ገሞራ አመድ አለ።

ሁለተኛ፣ ዕድሜው የሚለካው የዚያ አመድ ነው፤ የተጠረበው ድንጋይ አይደለም። በአመዱ ውስጥ ፖታሲየም የያዙ ጥቃቅን ማዕድናት አሉ። ከፖታሲየሙ ጥቂቱ በጣም ቀስ እያለ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ በሙቀቱ የቀድሞው አርጎን ይወጣል፣ ስለዚህ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚፈጠረው አርጎን ማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ምን ያህል እንደተጠራቀመ ሲለካ ስንት ዓመት እንዳለፈ ይታወቃል። አንድ መጥረቢያ በሁለት አመዶች መሀል ከተገኘ፣ ከላይኛው ይበልጣል፣ ከታችኛው ያንሳል።

በዚህ ላይ የምድር መግነጢስ አቅጣጫ የሚገለባበጥበትን ዘመን ከአፈሩ አንብበው ያመሳክራሉ። የመጨረሻው ግልበጣ የሆነው ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሁለቱ መንገዶች ሲገጥሙ ቁጥሩ ይታመናል።

ልጆቼን ልውሰድ ወይስ ይሰለቻቸዋል?

ውሰዷቸው። እንዲያውም ለእኔ ይህ ቦታ የልጆች ቦታ ነው። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ጋርባ አራት በሚባለው ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ የመንጋጋ ስባሪ ተገኘ። የልጅ መንጋጋ ነው። ዕድሜው ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ። ለአርባ ዓመት ያህል የየትኛው ዝርያ እንደሆነ ሲያከራክር ቆየ። በኋላ በጣም ኃይለኛ በሆነ የራጅ ጨረር ያልወጡትን ጥርሶች ውስጡን ሳይሰብሩ አዩት። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ውጤት ሆሞ ኢሬክተስ (ከእኛ በፊት የነበረ የሰው ዝርያ) ነው አለ፤ ዕድሜውም ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት። ይህ ልጅ ከዓለም ቀደምት ሆሞ ኢሬክተሶች አንዱ ነው ማለት ነው። የኖረውም ቆላ ላይ አይደለም። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝ ደጋ ነው።

ጎምቦሬ ላይ ደግሞ ዱካ ተገኘ። ከ700,000 ዓመት በፊት የረገጡት፣ በእሳተ ገሞራ አመድ የተሸፈነ። ቦታው የኩሬ ዳር ነበር። የጉማሬ ዱካ አለ፣ የወፍ አለ፣ የቀንድ ከብት ወገን የሆኑ እንስሳት አለ። ከመሀላቸው የሰው ዱካ አለ። ከሰዎቹ ውስጥ ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን ጭምር። እዚያው አካባቢ የተጠረበ ድንጋይና ሥጋው የተበለተ የጉማሬ አጥንት ተገኝቷል። አዋቂዎቹ ድንጋይ ሲጠርቡ፣ ሥጋ ሲበልቱ፣ ልጆቹ እግራቸው ሥር ነበሩ።

ይህን ታሪክ ለአምስት ዓመት ልጅ ንገሩት። እኔ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ወዲያው ጫማዋን አውልቃ በጭቃው ላይ ረገጠች። ከዚያ ቁጭ ብላ ዱካዋን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄስ ይቆያል?» አለችኝ። ዝናብ ካልመጣ አልኳት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

የሚሰለቻቸው መቼ ነው? ቤቶቹ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ስታነቡላቸው። አታንብቡላቸው። አንድ መጥረቢያ ምረጡና በየትኛው እጅ ቢያዝ እንደሚመች ጠይቋቸው። አስጎብኚው ድንጋይ እንዴት እንደሚጠረብ በእጁ እንዲያሳያቸው ለምኑት። ከዚያ በኋላ እናንተ ናችሁ «እንሂድ» የምትሉት። ወንዙ ዳር ግን እጃቸውን አትልቀቁ፤ ገደላማ ነው።

ይህ ነገር ከእምነቴ ጋር አይጋጭም?

ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚሄደው ጥያቄ ነው፤ ጮክ ብሎ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። እናቴ ጠይቃኛለች። ጾም ጸሎት የምታውቅ ሴት ናት። ይዤያት ስሄድ ተጨንቄ ነበር። የመንጋጋውን ቅጂ ስታይ ልጅ መሆኑን አስጎብኚው ነገራት። አማተበች። ከዚያ «እናቱ እንዴት ሆና ይሆን?» አለች። ስለ ዓመቱ ቁጥር ምንም አልተከራከረችም። እኔም አልተከራከርኳትም። ለመሄድ አስቀድሞ ሁሉን መቀበል አያስፈልግም። ሂዱ፣ እዩ፣ ጠይቁ።

ትያንና አዳዲ ማርያምን በዚያው ቀን ማየት እችላለሁ?

በራሳችሁ መኪና፣ አዎ። በሕዝብ ትራንስፖርት ሦስቱን በአንድ ቀን አትሞክሩት።

አዳዲ ማርያም ከአንድ አለት ተፈልፍላ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ናት። በአካባቢው የሚነገረው ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል። ከመልካ አዋሽ ትንሽ አለፍ ብላችሁ ከአስፋልቱ ወደ ቀኝ ትገባላችሁ፤ መንገዱ ጥርጊያ ነው። ነጠላ ያዙ፣ ጫማ ይወልቃል። እዚያ ደግሞ የሚጸልዩ ሰዎች አሉና ድምፅ ቀንሱ።

ትያ በዚያው በቡታጅራ መንገድ ላይ ወደፊት ነው፣ ጉራጌ ውስጥ። 36 የቆሙ ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ተቀርጸዋል። ብዙዎቹ ላይ ያለው የጎራዴ ምስል ነው። የመቃብር ምልክቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ቅደም ተከተሉን ለሚጠይቁኝ እንዲህ እላለሁ። ጠዋት መልካ ቁንጡሬ፤ ፀሐይ ሳይበረታ። ቀጥሎ ትያ። ምሳ። አዳዲ ማርያም በመመለሻ፣ ጊዜ ካለ። ጊዜ ከሌለ አዳዲን ለሌላ ቀን ተውት፤ ተሯሩጦ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ደስ አይልም።

ምን ልያዝ? መቼ ልሂድ?

ኮፍያ፣ ውሃ፣ የሚያዝ ጫማ። ፀሐዩ የደጋ ፀሐይ ነው፤ ነፋሱ ያታልላችኋል፣ ማታ ፊታችሁ ተልጦ ታገኙታላችሁ።

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። አደይ አበባው ሳይረግፍ ከደረሳችሁ ደግሞ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነው። በስተምሥራቅ የዝቋላ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ሐምሌና ነሐሴ አልመክርም። ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ አዋሽም ሞልቶ ነው የሚሄደው።

ስንት ይከፈላል? ፎቶ ይቻላል?

ኢትዮጵያውያን የምንከፍለው ከውጭ ጎብኚ ያነሰ ነው። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ ለአስጎብኚውም የምትሰጡት ይኑራችሁ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት በየቤቱ ጠይቁ። የአካባቢውን ሰው፣ ከብት የሚጠብቁትን ልጆች በተለይ፣ ሳትጠይቁ አታንሱ። «አካም» ብሎ ሰላምታ መስጠት ብዙ በር ይከፍታል።

ምግብ አለ?

መልካ አዋሽ ላይ ሻይ፣ ዳቦ፣ እንጀራ አይጠፋም። ረቡዕና ዓርብ ከሄዳችሁ በያይነቱ ነው። ክትፎ ያማራችሁ ቡታጅራ ድረስ ታገሱ። እኔ ከቤት ዳቦና ዕንቁላል ቋጥሬ ነው የምሄደው፤ ዛፍ ሥር ይበላል፣ ፌስታሉ ተመልሶ ቤት ይገባል።

ዩኔስኮ መዝግቦታል ሲባል ምን ማለት ነው?

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኒው ዴልሂ ላይ በተደረገው ስብሰባ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ለኢትዮጵያ 12ኛው ነው። ባልጪትም አብሮ መመዝገቡ በጣም አስደስቶኛል፤ ድንጋዩ የወጣበት መንደር ከሌለ የመጥረቢያው ታሪክ ጎዶሎ ነው።

መመዝገቡ ቦታው ራሱን ይጠብቃል ማለት አይደለም። በዙሪያው ገበሬዎች ያርሳሉ። ከተማው ከዓመት ዓመት እየገፋ ወደ እነሱ እየመጣ ነው፤ ይህን ዓለም ገና ቁጭ ብዬ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ልጅ ሆኜ ጤፍ የነበረው ሜዳ ዛሬ ኮንዶሚኒየምና መጋዘን ነው። መሬት ለመኖሪያ ያስፈልጋል፣ አይካድም። ግን እዚያ አፈር ውስጥ ያለው አንዴ በግሬደር ከተገፋ አይመለስም። ቅርሱን የሚጠብቁት በዋናነት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ስትሄዱ ከእነሱ ግዙ። ሻዩንም፣ እንቁላሉንም፣ ሽንኩርቱንም። ቅርሱ ለእነሱ ጥቅም ካላመጣ «ጠብቁት» ማለት ብቻውን ከባድ ነው።

አንድ ትንሽ ባልጩት ይዤ ብመለስስ? መሬት ላይ ሞልቶ የለ?

አይሆንም። ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው።

መጀመሪያ ነገር፣ ሕግ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ማንሳትንና ማንቀሳቀስን ይከለክላል። ከሕጉ በላይ ግን ሌላ ምክንያት አለ። መሬት ላይ የምታዩት ትንሽ ስባሪ ሰው ጠርቦ የጣለው ሊሆን ይችላል። አርኪዮሎጂስት የሚያነበው ድንጋዩን ብቻ አይደለም። የት እንደወደቀ፣ ከምን አጠገብ፣ በየትኛው ንጣፍ ላይ እንደሆነ ነው። እናንተ ኪሳችሁ ከከተታችሁት በኋላ ያ ሁሉ ጠፋ። ቤት ወስዳችሁ ቡፌ ላይ ብታስቀምጡት ጥቁር ጠጠር ነው።

ያቺው የእህቴ ልጅ አንዴ አድርጋዋለች። ቤት ደርሰን ልብሷ ሲታጠብ ነው ከኪሷ የወጣው፤ ጥፍር የምታህል፣ ጠርዟ የሳለ፣ ብርሃን ስታሳዩት ጭስ የሚመስል። እናቷ ልትቆጣት ነበር። ልጅቷ ግን ቀድማ አለቀሰች፤ ከሌላ ሰው ዕቃ እንደወሰደች ገብቷት ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለስን። ለአስጎብኚው በእጇ ሰጠችው። እሱም ተንበርክኮ «የት ነበር ያነሳሽው?» ብሎ ጠየቃት። መንገዱን እየመራች ወሰደችውና ከአንዲት ግራር አጠገብ ቆመች። «እዚህ» አለች።